ኤምጂቢ ወይስ ቲአር 6? ስለ ሁለት የእንግሊዝ ክፍት መኪናዎች የቀረበ ዲስኩር



ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ መኪናን የሚያውቁት በሥራ ነው፤ ቤተሰብ ያስተዳድራል፣ ልጅ ያስተምራል። የዛሬው ወሬ ስለዚያ ዓይነት መኪና አይደለም። ሁለት ሰው ብቻ ስለሚይዙ፣ ጣሪያቸው ሸራ ስለሆነ፣ ዝናብ ሲመጣ በየጠርዙ ስለሚያስገቡ፣ ይህም ሆኖ ሰው ከልቡ ስለሚወዳቸው ሁለት የእንግሊዝ መኪናዎች ነው። አንደኛው ኤምጂቢ ነው። ሁለተኛው ትራያምፍ ቲአር 6። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ለምን እነዚህን ሁለቱን መረጥሁ? ጃጓር ኢ-ታይፕን የሚመኝ አለ፤ ትልቁን ኦስቲን-ሂሊ የሚመኝም አለ። የእነዚያ ዋጋ ግን የደመወዝተኛን አቅም ጥሎ ሄዷል። ኤምጂቢና ቲአር 6 ቆጥቦ የሚደረስባቸው ናቸው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ እኛ ያለንበት አገር፣ አሜሪካ ነው። ከተሠሩት ከ90,000 በላይ የቲአር 6 መኪናዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ከእንግሊዝ ውጭ ነው የተሸጡት፤ ትልቁን ድርሻ የወሰደችውም አሜሪካ ናት። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተሠራው ኤምጂቢም ዋና ገበያው ይኸው አገር ነበር። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ አዛውንት ጋራዥ ተከፍቶ፣ አቧራ የለበሰ ሸራ ሲገለጥ ከሥሩ ከሁለቱ አንዱን ብታገኙ የሚገርም አይሆንም።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «የቱ ይበልጣል? የቱ ይሮጣል?» የሚል። የእኔ ክርክር ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው የሚል ነው። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ሞተር ዝናን ያመጣል፤ ኪስን የሚያራቁተው ግን ላሜራው ነው። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን ከየት እንደመጡ እንይ፤ አሠራራቸው ካልገባን የሚዝጉበትም ቦታ አይገባንም።

ኤምጂ የተወለደው ኦክስፎርድ ከተማ፣ የዊሊያም ሞሪስ ንብረት በሆነው በሞሪስ ጋራዥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሲሲል ኪምበር የሞሪስን ተራ መኪናዎች ወስዶ ቀለል ያለና ቆንጆ አካል እያለበሰ ይሸጥ ጀመር። ንግዱ ሲሰፋ በ1929 ወደ አቢንግደን ተዛወረ። አቢንግደን በቴምዝ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ፋብሪካውም ቢሆን ትልቅ የላሜራ ማተሚያ የሚንጓጓበት አልነበረም፤ አካሉም ሞተሩም ከሌላ ቦታ እየመጣ እዚያ ይገጣጠም ነበር። አቢንግደን ውስጥ የነበረው ዋናው ሀብት ሰው ነው፤ ብዙ ዓመት አብሮ የሠራና የስፖርት መኪና ምን መምሰል እንዳለበት የሚያውቅ ሰው።

የትራያምፍ ታሪክ ከኮቨንትሪ ይነሳል። መሥራቹ ሲግፍሪድ ቤትማን ከጀርመን፣ ከኑረምበርግ የመጣ ስደተኛ ነበር። በብስክሌት ጀመረ፣ ወደ ሞተር ብስክሌት ተሻገረ፣ በ1913 ደግሞ የኮቨንትሪ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። በሰው አገር ሱቅ ከፍታችሁ የምትሠሩ ሁሉ ይህን ስም ያዙልኝ። ኩባንያው መኪና መሥራት የጀመረው በ1920ዎቹ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ ስታንዳርድ የተባለው ኩባንያ ገዛው፤ ቲአር የሚባሉት የስፖርት መኪናዎች በ1953 ከቲአር 2 ጀምሮ መውጣት ጀመሩ። ቲአር 6 የዚያ የዘር ሐረግ የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ኤምጂቢን እናንሳው። በ1962 መጸው ሲወጣ ከቀዳሚው የተለየ ነገር ይዞ ነበር፤ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም። ከእሱ በፊት የነበረው ኤምጂኤ ከታች ወፍራም የብረት ሻንሲ ነበረው፤ አካሉ ከላይ ይቀመጥበታል። በሲድ ኤኔቨር የሚመሩት መሐንዲሶች፣ ቅርጹን የነደፈውም ዶን ሄይተር፣ ይህን ተዉት። ወለሉ፣ ከበሩ ሥር ያለው ደፍ፣ ግድግዳው ሁሉ በብየዳ ተያይዞ እርስ በርሱ የሚሸከም ሆነ። መኪናው ከኤምጂኤ አጠረ፣ ውስጡ ግን ሰፋ። ረጅም ሰው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ከመቀመጫው ኋላ ሻንጣ ይገባል። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1798 ሲሲ ነው፤ ሁለት ኤስዩ ካርቡራቶር ተገጥሞለት መጀመሪያ ላይ 95 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። የኋላው ባሌስትራ ነው፤ የፊት ፍሬኑ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር። ምንም የሚያስደንቅ የለበትም። ያ ጉልበቱ ነው፤ ማንም መካኒክ መፍቻ ይዞ ሊፈታው ይችላል።

ቲአር 6 ሌላ ዓይነት ፍጥረት ነው። በ1968 መጨረሻ ሲወጣ አዲስ ይምሰል እንጂ ከሥሩ የቆዩ ሥራዎች ተደራርበውበታል። ለብቻው የቆመ የብረት ሻንሲ አለው። የኋላ ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ በሞላ የሚንቀሳቀሱበት አሠራር ከ1965ቱ ቲአር 4ኤ የመጣ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2498 ሲሲ የሆነው ሞተር ከ1967ቱ ቲአር 5 ተወረሰ። አካሉ መሠረቱ ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሚኬሎቲ ለ1961ዱ ቲአር 4 የነደፈው ነው። ኩባንያው አዲስ ገጽታ ሲፈልግ ሚኬሎቲ በሌላ ሥራ ተይዞ ስለነበር ሥራው ኦስናብሩክ ለሚገኘው የጀርመኑ ካርማን ኩባንያ ተሰጠ። ካርማን በሮቹንና የፊት መስታወቱን አልነካም። ግንባሩንና ጅራቱን ቆርጦ ጥሎ ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ ኮስታራ ፊት ሰጠው። ንድፉንም የማተሚያ ቅርጾቹንም ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ባልበለጠ ጊዜ ጨረሰ። ጣሊያን የወለደው፣ ጀርመን የላጨውና እንግሊዝ የዳረው መኪና ነው ብል ትስቁብኝ ይሆን?

በውበት የማን ወገን እንደሆንሁ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ኤምጂቢ ከየትኛውም ማዕዘን ቢታይ ነቀፋ የለበትም፤ ግን ጨዋ ነው፣ ድምፁን አያነሣም። ቲአር 6 ከኋላ ሲታይ ጅራቱ እንደ ቢላ የተቆረጠ፣ ግንባሩ ደግሞ የተቆጣ ነው። ክሩስኮቱ እውነተኛ እንጨት ነው። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ሲያጓሩ የሚወጣው ድምፅ ወፍራምና የማያቋርጥ ነው፤ በሦስተኛ ማርሽ ኮረብታ ስትወጡበት ነዳጅ መርገጥ እንኳ ብዙም አያስፈልግም። በዚህ በኩል ኤምጂቢ ተሸናፊ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንለይ።

መጽሔቶቹ ሁሉ ቲአር 6 150 የፈረስ ጉልበት አለው ብለው ይጽፋሉ። እውነት ነው፤ ግን ለእንግሊዝ ገበያና ለጥቂት ሌሎች አገሮች ለተሠራው ነው። ያ መኪና ካርቡራቶር የለውም፤ ሉካስ የተባለው ኩባንያ የሠራው የነዳጅ መርጫ ነው ያለው። ወላጁ ቲአር 5 በእንግሊዝ በብዛት ከተመረቱት የስፖርት መኪናዎች የነዳጅ መርጫ የተገጠመለት የመጀመሪያው ነበር። ያ መርጫ ግን በአሜሪካ የጭስ ሕግ ማለፍ አልቻለም። ስለዚህ እዚህ የመጡት ሁሉ በሁለት ስትሮምበርግ ካርቡራቶር የመጡ ሲሆኑ ጉልበታቸውም ከ104 እስከ 106 ነው። እንግሊዝ የቀረው እንኳ ከ1973 ጀምሮ ለስለስ ያለ ካምሻፍት ተገጥሞለት ወደ 125 ወርዷል። እንግሊዛዊው መኪና ከቆመበት ተነሥቶ 60 ማይል ለመድረስ ከ8 ሰከንድ ትንሽ በላይ ይበቃዋል፤ አሜሪካዊው ወንድሙ ወደ 11 ሰከንድ ይጠጋል። ኤምጂቢ 12 ሰከንድ ገደማ። አያችሁ? እዚህ አገር ለሽያጭ በቀረቡት መኪናዎች መካከል ያለው ልዩነት ወሬው የሚለውን ያህል አይደለም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የቲአር 6 የመለያ ቁጥር በሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። ሲፒ ከሆነ 150 ጉልበት ያለው ባለ መርጫው ነው፤ ሲአር ከሆነ ወደ 125 የወረደው ነው፤ ሲሲና ሲኤፍ ደግሞ ለአሜሪካ የተሠሩት ባለ ካርቡራቶሮች ናቸው። ሻጩ የፈለገውን ቢናገር ቁጥሩ የተጻፈበት ሳህን አይዋሽም፤ ሳህኑ ራሱ ከሌላ መኪና ካልመጣ በስተቀር። ለሁለቱም መኪናዎች ጌይደን በሚገኘው የብሪታንያ የሞተር መኪና ሙዚየም የፋብሪካው የምርት መዝገብ ተቀምጧል፤ ከፍላችሁ የምስክር ወረቀት ማውጣት ትችላላችሁ። መኪናው የተሠራበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሙን፣ የተላከበትን ገበያ ይነግራችኋል። ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው ይህን ወረቀት ሳያይ ገንዘብ አይቁጠር።

ኤምጂቢም የአሜሪካ ሕግ ያላቆሰለው እንዳይመስላችሁ። ለ1968 ሞዴል እዚህ የመጡት መኪናዎች ውብ የብረት ክሩስኮታቸው ተነሥቶ ወፍራም ስፖንጅ ተለጠፈባቸው፤ እዚህ አገር ያሉ ወዳጆቹ «የአቢንግደን ትራስ» ብለው ይቀልዱበታል። የመስታወቱ የሚጠረግ ክፍል በቂ አይደለም ተብሎም ሦስት መጥረጊያ ተገጠመለት። ዋናው ቁስል ግን በ1974 መጸው መጣ። የሚያበራው ክሮም ፓራውልት ተነሥቶ ትልቅ ጥቁር የላስቲክ አፍንጫ ተተካ፤ ቁመቱም ወደ 4 ሴንቲሜትር ከፍ አለ። የግጭትን ሕግ ለማሟላት ነው። መኪናው ከፍ ሲል ጠመዝማዛ ላይ መንገዳገድ ጀመረ፤ ይህን ለማስታገስ ኋላ ላይ ከፊትም ከኋላም ማረጋጊያ ብረት ጨመሩለት። ከ1975 ጀምሮ ለአሜሪካ የተላኩት ደግሞ አንድ ስትሮምበርግ ካርቡራቶር ብቻ ተሰጥቷቸው ጉልበታቸው ወደ 62 ወረደ። ስልሳ ሁለት! በ1962 በ95 የጀመረ መኪና።

ይህን ሁሉ ያደረገው ማን ነው ካላችሁ፣ ሕጉ ብቻ አይደለም። በ1968 ሁለቱም ተፎካካሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ገብተው ነበር፤ ብሪቲሽ ሌይላንድ በሚባለው ግዙፍ ኩባንያ። ከዚያ በኋላ አንዱ ኩባንያ አንድን ደንበኛ በሁለት መኪና ይሻማ ጀመር። የላይኞቹ ኃላፊዎች ትራያምፍን ይዞ ከነበረው ከሌይላንድ ወገን የመጡ ስለነበሩ ለአዲስ የስፖርት መኪና የሚወጣው ገንዘብ ወደ ትራያምፍ ሄደ፤ በ1975 የወጣው ቲአር 7 የዚያ ውጤት ነው። ሲወጣ ጣሪያው ድፍን ነበር፤ አሜሪካ ክፍት መኪናን ልትከለክል ነው የሚል ፍርሃት በዚያን ጊዜ በኢንዱስትሪው ነግሦ ነበርና። ክልከላው አልመጣም። አቢንግደን ግን አዲስ መኪና ሳይሰጠው ያንኑ አሮጌውን ኤምጂቢ እየጠገነ ቀረ። በሌላ በኩል ጃፓን ዳትሰን 240ዜድን ይዛ መጥታ ነበር፤ ፈጣን፣ የማያስቸግር፣ ዋጋውም መጠነኛ። አሜሪካዊው ገዢ ሁለቱን አስተያይቶ ወደ ጃፓኑ ሄደ።

የአቢንግደን መጨረሻ ያሳዝናል። በ1979 መስከረም ከተማው ኤምጂ ወደዚያ የገባበትን 50ኛ ዓመት በሰልፍና በድግስ አከበረ። በዓሉ እንዳለቀ፣ ሰኞ መስከረም 10 ቀን ፋብሪካው እንደሚዘጋ ተነገረ። ችኮላው አይገባኝም፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት መታገሥ ይቻል ነበር። የመጨረሻው ኤምጂቢ በ1980 ጥቅምት ወጣ። ቲአር 6 ከዚያ በፊት በ1976 አብቅቷል። ዛሬ የኤምጂ ስም በቻይናው ሳይክ እጅ ነው፤ የትራያምፍ የመኪና ስም ደግሞ በቢኤምደብሊው መሳቢያ ውስጥ።

እንግዲህ ወደ ላሜራው እንግባ፤ ለገዢ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ኤምጂቢ ሻንሲ የለውም ብያችኋለሁ። ትርጉሙ ምንድን ነው? ከበሩ ሥር በቁመት የሚሄደው ደፍ ጌጥ ሳይሆን የመኪናው አከርካሪ ነው ማለት ነው። ውስጡ በበርካታ የላሜራ ሽፋኖች የተሠራ ባዶ ሣጥን ነው፤ ውኃና ጭቃ ይገባበታል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። ከውጭ ስታዩት ቀለሙ ሊያብረቀርቅ ይችላል። ብልሁ ሻጭ ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ፣ ወይም ከላዩ አዲስ ላሜራ ለጥፎ ቀለም ቀብቶታል። ስለዚህ ማግኔት ያዙ፤ ማግኔት የማይዝበት ቦታ ብረት የለም። ቀጥሎ በበሩና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች ተመልከቱ፤ እኩል መሆን አለበት። ከዚያ በሻጩ ፈቃድ መኪናውን በአንድ ጎን በክሪክ አንሡት፤ በሩን ክፈቱና ዝጉ። ክፍተቱ ከጠበበ ወይም በሩ ከተያዘ መኪናው መሃሉ ላይ እየታጠፈ ነው። ያን ቀን ሻጩን አመስግናችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ከመቀመጫው ኋላ ምንጣፉን አንሡት። እስከ 1974 በተሠሩት ላይ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች እዚያ ወለል ውስጥ ተቀብረዋል፤ አሲዱ ሲፈስ የተቀመጡበትን ሣጥን ይበላዋል። የበሩን ላሜራ፣ ትንሿ የሦስት ማዕዘን መስታወት ከምታርፍበት በታች ተመልከቱ፤ እዚያ መሰንጠቅ የዚህ መኪና የታወቀ ጠባይ ነው። እሱ አያስፈራም፤ ይበየዳል። የሚያስፈራው ደፉ ነው።

የቲአር 6 ገዢ ደግሞ አካሉን አይቶ መደሰት የለበትም፤ ከመኪናው ሥር መተኛት አለበት። ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ለፊት፣ የጎማዎቹን ክንዶች የሚሸከመው የሻንሲ ክፍል ውኃ ይይዛል፤ ይዝጋል፤ ሲዝግ ጎማው አቅጣጫውን ይስታል። ሌላው ዲፈረንሻሉ የሚታሰርባቸው ብሎኖች ናቸው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተር በፍሪሲዮኑ በኩል ሲስብ እነዚያ ብሎኖች የተበየዱበት ቦታ ይሰነጠቃል። ምልክቱ በጆሮ ይሰማል፤ ፍሪሲዮን ለቃችሁ ስትነሡ ከኋላ ‹ዱብ› የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ዋጋው መውረድ አለበት። ሻንሲው ለብቻው ስለሆነ አካሉን አንሥቶ መጠገን ይቻላል፤ ግን አካሉ ከመነሣቱ በፊት የበሮቹ መሃል በብረት ካልተደገፈ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ በሩ መቼም አይገጥምም።

የሁለቱ መኪናዎች ዕጣ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ለኤምጂቢ ሙሉ አዲስ አካል ይሸጣል። ዊትኒ የሚገኘው ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ አሮጌዎቹን የፋብሪካ ማተሚያ ቅርጾች ሰብስቦ በ1988 አዲስ የኤምጂቢ አካል ማምረት ጀመረ። እስቲ አስቡት፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ከስምንት ዓመት በኋላ የመኪናው አካል እንደገና ታተመ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤምጂ አርቪ8 የሚባለው መኪና የወጣውም ከዚያው ሥራ ላይ ተነሥቶ ነው። ለኤምጂቢ ከብሎን እስከ ጣሪያ ሸራ የማይገኝ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ለቲአር 6ም መለዋወጫው ብዙ ነው፤ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ በእሱ ብቻ የሚተዳደሩ ሱቆች አሉ። ቢሆንም ዋጋው ከፍ ይላል፤ የአንዳንዱ የላሜራ ክፍል መግጠም ደግሞ የሰለጠነ ላሜራ ሠሪ ይፈልጋል።

ስለ ሞተሮቹ ባጭሩ ልለፍ፤ ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው። ኤምጂቢ ላይ ከ1964 መጨረሻ በፊት በነበረው ሞተር ኮሎውን የሚይዙት ሦስት ኩሽኔታዎች ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ አምስት ሆኑ። ለመንዳት የምትፈልጉ አምስቱን ምረጡ። ከ1967 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ካምቢዮው አንደኛ ማርሽም ሳይንኮሻኮሽ የሚገባበት ሆነ። ቲአር 6 ላይ አንድ ምርመራ አትርሱ፤ ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው ፍሪሲዮን ይርገጥ፣ እናንተ ከፊት ያለውን የኮሎ ፑሊ ተመልከቱ። ወደ ፊት ጎላ ብሎ ከተንቀሳቀሰ ኮሎውን በቦታው የሚይዙት ቀጫጭን ግማሽ ቀለበቶች አልቀዋል ወይም ወድቀዋል። በቸልታ ከተነዳ ብሎኩ ራሱ ይበላሻል። ኦቨርድራይቭ የሚባለው ተጨማሪ ማርሽ ካለ በሁለቱም ላይ ጥሩ ነገር ነው፤ በፍሪዌይ ላይ ሞተሩን ያሳርፈዋል። መሥራቱን ግን ነድታችሁ አረጋግጡ።

የእንግሊዝ መኪና ኤሌክትሪክ አይታመንም የሚለውን ቀልድ ሰምታችሁ ይሆናል፤ የኤሌክትሪኩን ዕቃ የሠራውን ሉካስን «የጨለማው ልዑል» ይሉታል። ስሙ ትንሽ ተበድሏል። አብዛኛው ብልሽት የዛገ የመሬት ሽቦና ከሃምሳ ዓመት በላይ ያልተፈታ ማያያዣ ነው፤ በአንድ ቅዳሜ ጠርጋችሁ ትጨርሱታላችሁ። በእንግሊዝ መርጫ የሚሠራ ቲአር 6 የገዛ ሰው ግን ቀልዱ ይገባዋል፤ የሉካስ የነዳጅ ፓምፕ ሲሞቅ ይሰንፋል፣ ሰልባትዮው ወደ ማለቁ ሲጠጋና መኪናው ሲታጠፍ ነዳጅ ይቋረጥበታል። ብዙዎች ፓምፑን በቦሽ ይቀይሩታል። የዛሬው ቤንዚን ኤታኖል ስላለበትም በሁለቱም መኪናዎች ላይ አሮጌው የላስቲክ ቱቦ ይበላል፤ ስትገዙ ቱቦውን በሙሉ ቀይሩ። ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ቱቦ ያለው በትኩስ ሞተር ላይ መሆኑን አትዘንጉ።

ኮሎራዶ ያላችሁ ዘመዶቻችን አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራቶሩ ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። በኤስዩ ካርቡራቶር ላይ መርፌውን ቀጠን ያለ ነዳጅ ወደሚሰጥ መርፌ መቀየር በቂ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ጡረታ ስወጣ አዲስ አበባ ይዤው እገባለሁ» ስትሉ ሰምቻለሁ። ለአዲስ አበባ ከፍታም መርፌው ይለወጣል፤ ሕጉ ግን በመርፌ አይስተካከልም። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ የምትገዙት እዚህ ለመንዳት ይሁን።

ዋጋስ? በእኩል ይዞታ ላይ ያሉ ሁለት መኪናዎች ቢቀርቡ ቲአር 6 በአብዛኛው ከኤምጂቢ ይበልጣል። ምክንያቱ ቁጥሩ ማነሱ፣ ድምፁና መልኩ ነው። ከኤምጂቢዎች መካከል ክሮም ፓራውልት ያላቸው ከላስቲኮቹ ይወደዳሉ። ይህ ልዩነት ለእኔ ዕድል ነው የሚታየኝ፤ ባለ ላስቲኩ በጥቂት ዶላር ይገኛል፣ ቁመቱን ዝቅ ማድረግና ሁለት ኤስዩ ካርቡራቶር መልሶ መግጠም የታወቀ ሥራ ነው። የሰብሳቢ ዋጋ አይጨምርም፤ የሚነዳው ሰው ግን ይደሰታል። አንድ ሐሳብ ደግሞ ለቸኳዮች፦ ጣሪያ ከፍታችሁ ያለ ጭንቀት መንዳት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ግዙ። እነዚህን የእንግሊዝ መኪናዎች አይቶ በ1989 የመጣ ነው፤ ዘይት አያንጠባጥብም፣ ጠዋት ይነሣል። አላፍርም ስናገር።

ያን አልፋችሁ እንግሊዛዊውን ከፈለጋችሁ ግን ፍርዴ ይህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አሮጌ መኪና የምትገዙ፣ ጋራዣችሁ ጠባብ፣ በገዛ እጃችሁ መሥራት የምትወዱ ከሆነ ከ1968 እስከ 1974 መካከል የተሠራ ባለ ክሮም ኤምጂቢ ፈልጉ፤ ቀለሙ ቢደበዝዝም ደፉ ጤነኛ ይሁን። የደበዘዘ ቀለምና ጤነኛ ደፍ ያለው መኪና ከሚያብረቀርቅ ግን ደፉ ከበሰበሰ መኪና በላይ ዋጋ አለው። ቲአር 6 ለሁለተኛ ጊዜ አሮጌ መኪና ለሚገዛ ሰው ነው፤ ጎበዝ ላሜራ ሠሪ በስልካችሁ ውስጥ ካለ፣ ትርፍ ገንዘብ ካላችሁና የስድስቱ ሲሊንደር ድምፅ እንቅልፍ ከነሣችሁ ሂዱበት። ለ150 የፈረስ ጉልበት ብላችሁ ግን ሲሲ ወይም ሲኤፍ ተብሎ የተጻፈበትን መኪና በሲፒ ዋጋ እንዳትገዙ።

ማስታወቂያ አይታችሁ ልባችሁ የተነሣባችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ማግኔት፣ ክሪክና የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ አሮጌ ልብስም ልበሱ፣ ከሥር ትተኛላችሁና።